ሐዋሳ ሁለት ኪስ አላት

«ግብር ከፍለን ሳለ የቆሻሻ ማንሻ ክፍያ ለምን ይጨመርብናል?» የሚል የሐዋሳ ነዋሪ የሚጠይቀው ተገቢ ጥያቄ ነው። የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ በአመዛኙ የሚከፈለው ከመደበኛ ግብርና ከክልሉ ከሚመጣው ጥቅል ድጎማ ነው፤ ክልሉም ራሱ ከፌዴራል መንግሥት ድጎማ ያገኛል። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ቦይና ቆሻሻ ማንሳት ግን የማዘጋጃ ቤት ሥራዎች ናቸው። ወጪያቸው በዋናነት የሚጠበቀው ከመሬት ሊዝ፣ ከቤትና ከቦታ ኪራይ፣ ከገበያና ከአገልግሎት ክፍያ ነው። ስለዚህ የትምህርት በጀት ጨመረ ማለት የሰፈራችን ቦይ ይጠረጋል ማለት አይደለም። ለዚህ ሥራ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብም ያለ ቅድመ ሁኔታ አይገኝም፤ በ2010 ዓ.ም. በዓለም ባንክ የጸደቀው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም እንኳ ድጎማውን ከአፈጻጸም ምዘና ጋር አያይዞ ነበር። እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ ሊዙ ነው፤ አንድ ቦታ ለጨረታ የሚቀርበው አንድ ጊዜ ነው፣ ቦዩ ግን በየክረምቱ መጠረግ አለበት።