የቤት ውስጥ ተክሎች ተባዮች፦ አለያየታቸውና አወጋገዳቸው

ሳሎንና በረንዳ ላይ የሚተከሉ አበቦችን የሚያጠቁ ተባዮች ቁጥራቸው ያን ያህል ብዙ አይደለም። ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ፣ ጥጥ መሳይ ተባይ፣ ቅርፊታም ተባይ፣ ትሪፕስ (ቀጭንና ደቃቅ ነፍሳት)፣ የአፈር ትንኝና ቀይ ሸረሪት፤ እነዚህን ሰባቱን መለየት የቻለ ሰው ከሚገጥመው ችግር አብዛኛውን ያውቀዋል። ከአፈር ትንኝ በስተቀር ሁሉም የተክሉን ፈሳሽ እየመጠጡ ይኖራሉ። ደጅ ላይ ዝናብ ያጥባቸዋል፣ ነፋስ ያራግፋቸዋል፣ ጥንዚዛና ተርብ ይበላቸዋል። ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ የለም፤ ሙቀቱም ተስማሚ ነው። በዚህ ምክንያት በጓሮ ከቁጥር የማይገባ ተባይ ቤት ሲገባ በጥቂት ሳምንታት ተክል ያደርቃል።

ምልክቶቹ

ብዙውን ጊዜ ከተባዩ በፊት ሥራው ይታያል። ቅጠሉ ወይም ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ የሚያጣብቅ ከሆነ ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ፣ ጥጥ መሳይ ወይም ለስላሳ ቅርፊታም ተባይ አለ ማለት ነው። እነዚህ ከመጠጡት ውስጥ የተረፋቸውን ስኳር በፈሳሽ መልክ ያስወግዳሉ፤ በፈሳሹም ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። ጉንዳን ወደ መትከያው የሚመላለሰውም ይህንኑ ጣፋጭ ፍለጋ ነው፤ ለጥቅሙ ሲል ተባዩን ከጠላቶቹ ስለሚከላከል ጉንዳኑንም ማስቀረት ያስፈልጋል።

ክሽክሽ ለጋ ቀንበጥና እንቡጥ ላይ ይሰበሰባል። ርዝመቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ ይሆናል። ሴቷ ያለ ወንድ ሕያው ልጅ ስለምትወልድ መንጋው የሚበዛው በቀናት ውስጥ ነው። ቅጠል ላይ የሚራገፈውን ነጭ ቆዳውን ብዙ ሰው አቧራ ብሎ ያልፈዋል። ነጭ ዝንብን ለመለየት ተክሉን መንካት ይበቃል፤ ከቅጠሉ ሥር ብር ብሎ ይነሣል። ጥጥ መሳዩ ቅጠሉ ከግንዱ በሚጋጠምበት ብብት ውስጥና በቁልቋል እሾህ መካከል ይደበቃል፤ ጥጥ የመሰለው ከረጢት በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ይይዛል። ቅርፊታም ተባይ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ቡናማ እብጠት ሆኖ ስለሚታይ የግንዱ አካል ይመስላል። በጥፍር ሲፋቅ ተላቆ ከወደቀና ከሥሩ ያለው ልጥ ጤነኛ ከሆነ ተባይ ነው። ጠንካራ ቅርፊት ያለው ዓይነት ማጣበቂያ ፈሳሽ ስለማያወጣ በጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል።

ቅጠል ላይ ብርማ ጭረትና በላዩ የተበተኑ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ትሪፕስ ነው፤ ጥቁሩ ዓይነ ምድሩ ነው።

ቀይ ሸረሪት ስምንት እግር ስላለው ከነፍሳት አይመደብም፤ ጉዳቱና አያያዙ ግን ስለሚመሳሰል ከእነሱ ጋር ይነሣል። መጠኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቅጠሉ በመርፌ የተወጋ ያህል በቢጫ ነጠብጣብ ይሞላል፤ ድር የሚታየው ጉዳቱ ከገፋ በኋላ ነው። ቀድሞ ለማወቅ ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ይዞ ቅጠሉን ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ይጠቅማል። ወረቀቱ ላይ ከወደቁት ነጥቦች መንቀሳቀስ የጀመረ ካለ እሱ ነው፤ አቧራ አይራመድም። ደረቅ አየር ስለሚስማማው በበጋ ወራት ይብሳል።

የአፈር ትንኝ በመትከያው ዙሪያ የምትበር ጥቁር ደቃቅ ነፍሳት ናት። በራሪዋ ተክሉን አትጎዳም፤ ጉዳት የሚያደርሰው ከላይ ባለው ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ የሚኖረው ነጭ ገላና ጥቁር ራስ ያለው እጭ ነው። ጥሬ ድንች ቆርጦ አፈሩ ላይ አስተኝቶ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ቢገለጥ እጮቹ ከሥሩ ተሰብስበው ይገኛሉ። መነሻዋ በአብዛኛው ውሃ ማብዛት ነው።

ማጥፋት

የታመመውን ተክል ከሌሎቹ መነጠል የመጀመሪያው ሥራ ነው። ቀጥሎ አፈሩን በፌስታል ሸፍኖ ተክሉን በጠንከር ያለ ውሃ፣ በተለይ የቅጠሉን ጀርባ፣ ማጠብ ነው። ለክሽክሽና ለቀይ ሸረሪት ይህ ብቻውን ብዙ ይሠራል። ጥጥ መሳይና ቅርፊታም ተባይ ግን በሰም ስለተሸፈኑ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በ70 በመቶ አልኮል ነክሮ አንድ በአንድ መጥረግ ይጠይቃሉ። ጄል የሆነው የእጅ ሳኒታይዘር ለዚህ አይሆንም፤ ቅጠሉ ላይ ይቀራል።

የሳሙና ውህድ ለ1 ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ለተክል የተዘጋጀ ፈሳሽ ሳሙና ነው። የዕቃ ማጠቢያው ቅባት ለማስለቀቅ የተሠራ በመሆኑ የቅጠሉንም ሰም ይገፍፋል፤ ሌላ ከጠፋ ከ1 የሻይ ማንኪያ አይበልጥ። ሳሙና አረፋ በማያወጣበት ውሃ ከተበጠበጠ ከውሃው ማዕድን ጋር ተያይዞ ኃይሉን ያጣል፤ የዝናብ ውሃ ይሻላል። የሚገድለው ተባዩን ሲያርሰው ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ማታ፣ ፀሐይ በሌለበት፣ ከቅጠሉ ሥር እስኪንጠባጠብ ይረጫል። ከኒም ዛፍ ፍሬ የሚጨመቀው የኒም ዘይት ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር ዘይት ከጥቂት ጠብታ ሳሙና ጋር በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ተበጥብጦ በዚያው ቀን ያልቃል፤ ያደረው ይበላሻል። ሁለቱንም በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሮ 48 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ፈርንና ሰም የለበሱ ሰኩለንቶች (ውሃ የሚቋጥር ወፍራም ቅጠል ያላቸው ተክሎች) በቀላሉ ይቃጠላሉ።

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። አንዴ ረጭቶ ቅጠሉ ሲጸዳ ያቆማል። ሳሙናም ሆነ አልኮል እንቁላልን በአስተማማኝ አይገድልም፤ ከሳምንት በኋላ የተፈለፈለው ትውልድ መድኃኒቱ አልሠራም ያሰኛል። በየ5 እስከ 7 ቀኑ ቢያንስ አራት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። ቀይ ሸረሪት በሞቃት ቦታ ከእንቁላል ወደ ጎልማሳነት በአንድ ሳምንት ገደማ ስለሚደርስ ለእሱ 5 ቀንም ይረዝማል። የትሪፕስ ከፊል ዕድሜ አፈር ውስጥ ስለሚያልፍ ቅጠል ብቻ መርጨት አይበቃውም፤ የላይኛውንም አፈር መለወጥ ይረዳል።

ለአፈር ትንኝ አየር ላይ መርጨት ከንቱ ድካም ነው። የላይኛው አፈር እስኪደርቅ ውሃ መከልከል፣ በራሪዎቹን በቢጫ ማጣበቂያ ካርድ መያዝ፣ እጩን ደግሞ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ እስራኤሌንሲስ በተባለው ባክቴሪያ ማጥፋት ይቻላል። ባክቴሪያው በ1976 በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ፣ የወባ ትንኝ ዘመዶች ከሚራቡበት ኩሬ የተገኘ ሲሆን ከሚጠጣው ውሃ ጋር ለተክሉ ይሰጣል።

በኢትዮጵያ የጽጌረዳ እርሻዎች ቀይ ሸረሪትን የሚበላ ፋይቶሲዩለስ የተባለ አዳኝ ይለቀቃል። ለሁለት ሦስት መትከያ ግን አያዋጣም፤ አደኑ ሲያልቅ ይሞታል፣ ደረቅ አየርም አይችልም።

ለበረሮ የሚነፋ ፍሊት ቅጠል ያቃጥላል። ማላታይን የእርሻ መድኃኒት ነው፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል አይረጭም። ትንባሆ ዘፍዝፎ መርጨትም የዋህ መድኃኒት አይደለም፤ ኒኮቲን በቆዳ ይገባል፣ ቲማቲምና ቃሪያ ላይም በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። በሥር በኩል የሚሰጠው ኢሚዳክሎፕሪድ የተባለው ፀረ ተባይ ክሽክሽንና ጥጥ መሳይን ሲይዝ ቀይ ሸረሪትን አይነካም፤ ከእሱ በኋላ ቀይ ሸረሪት የሚበዛበትም ጊዜ አለ። ለምግብ በሚቆረጥ ተክል ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም።

ሥሩን ጥጥ መሳይ የወረረው ርካሽ ተክል ከሆነ በፌስታል አስሮ መጣል ከወራት ልፋት ይሻላል። መትከያው ታጥቦ በ1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ ግማሽ ሰዓት ከተነከረና በደንብ ከተለቀለቀ ለሌላ ያገለግላል፤ አፈሩ ግን አብሮ ይጣል። ከችግኝ ጣቢያ ወይም ከመንገድ ዳር ሻጭ የተገዛ አዲስ ተክልም ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ሲገዛ ንጹሕ የመሰለው እንቁላል ይዞ ሊሆን ይችላል።