ቃለ መጠይቅ ሁሉ ኢትኖግራፊ አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የትምህርትና የምክር አገልግሎት ተመራቂዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ስገመግም ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ጥናቱ ኢትኖግራፊያዊ በመሆኑ ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ተካሂዷል።» ይህ ስህተት በዝምታ ሊታለፍ አይገባም። ቃለ መጠይቅ የሚያስገኘው ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚናገሩትን ነው፤ ኢትኖግራፊ፣ ማለትም የሰዎችን አኗኗርና ባህል በመካከላቸው ሆኖ የማጥናት ዘዴ፣ ደግሞ ንግግራቸውን ከድርጊታቸው ጋር ለማስተያየት ተመራማሪው በቦታው ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ፣ ያየውንም ሳይውል ሳያድር በመስክ ማስታወሻው እንዲያሰፍር ግድ ይላል።

ፍሬድሪክ ኤሪክሰንና ጄፍሪ ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች አማካሪዎች ከተማሪዎች ጋር ሲነጋገሩ በፊልም ቀርጸው በዝርዝር ሲመረምሩ፣ አማካሪውና ተማሪው ከትምህርት ውጭ የሚጋሩት ነገር፣ ለምሳሌ የስፖርት ፍቅር፣ ሲገኝ ውይይቱ እንደሚለሰልስና ድጋፉም እንደሚጨምር አሳይተዋል። አማካሪን «ሁሉንም እኩል ታስተናግዳለህ?» ብሎ በመጠየቅ ብቻ ይህ አይገኝም።

እኔም ያማከርኋት አንዲት ተማሪ፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ «ተማሪዎች ችግራቸውን መናገር አይወዱም» ሲላት መልሱን ጽፋ አልተመለሰችም፤ ኮሪደሩ ላይ እየተቀመጠች መታዘብ ጀመረች። ወደ ምክር ቢሮው ለመግባት ተማሪዎች ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር በዲሲፕሊን ጥፋት የተጠሩ ተማሪዎችም የሚቀመጡበት ነበር። ከማስታወሻዋ አንዱ ገጽ ላይ፣ አንዲት ልጅ እስከ በሩ መጥታ፣ ወንበሩን አይታ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውን የምታነብ መስላ ጥቂት ከቆመች በኋላ እንደተመለሰች ሰፍሯል። ልጆቹ መናገር ጠልተው ሳይሆን አጥፊ መስሎ መታየትን ፈርተው ነበር።

ኢትኖግራፊ ሩቅ ላሉ ማኅበረሰቦች ብቻ ነው የሚለው አመለካከት ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ክፍልም፣ የመምህራን ማረፊያም የራሳቸው ባህል አላቸው። የተጠኚዎቹ ቁጥር ማነስም ጥናቱን ዋጋ አያሳጣውም፣ ዓላማው አንድ ነገር ስንቱ ላይ እንደሚታይ መቁጠር ሳይሆን እንዴትና ለምን እንደሚሆን ማስረዳት ነውና።

አማካሪ የሆነ ተመራማሪ በምክር ክፍለ ጊዜ የሰማውን እንደ መረጃ ሊጠቀምበት ይችላል የሚለው ግን አደገኛ ነው። ተማሪው ምስጢሩን የነገረው እርዳታ ፈልጎ ነው። ስለዚህ የምክር መዝገብና የመስክ ማስታወሻ ለየብቻ ይያዙ፤ የወላጅ ፈቃድና የልጁ የራሱ ስምምነት አስቀድመው ይገኙ፤ ልጁ እምቢ ቢል የምክር አገልግሎቱ እንደማይቋረጥበትም በግልጽ ይነገረው።