ታላቁ ብላስኬት፦ የአየርላንድ ደሴተኞች ኑሮና ችግር

ታላቁ ብላስኬት ከአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ፣ በኬሪ አውራጃ ከዲንግል ልሳነ ምድር ጫፍ ትይዩ የሚገኝ፣ ዛሬ ቋሚ ነዋሪ የሌለው ደሴት ነው። ከየብስ የሚለየው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ ቢሆንም፣ ባሕሩ ሲቆጣ መሻገሪያ አይገኝም ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ቀድሞው ዘመን የሚባለው ጥቂት ነው። በ1588 ሳንታ ማሪያ ዴ ላ ሮዛ የተባለች የስፔን የጦር መርከብ በዚያ ሰርጥ ሰጥማለች፤ በ1840ዎቹ ድንቹ በበሽታ ጠፍቶ በደረሰው ረኃብም ሕዝቡ ተመናምኗል።

የኋላውን የምናውቀው ነዋሪዎቹ ራሳቸው በአይሪሽ ቋንቋ ስለነገሩን ነው። ቶማስ ኦ ክሪሆን በ1929፣ ሞሪስ ኦ ሱሊቫን በ1933 የሕይወት ታሪካቸውን አሳተሙ። ፔግ ሴየርስ ደግሞ በቃላቸው እየተረኩ በልጃቸው እጅ አስጽፈው በ1936 አወጡ። ሁለት መቶ ነፍስ ካልሞላባት መንደር ሦስት ደራሲ! ትልልቅ ከተሞችም እንዲህ አይቀናቸውም።

ቤቶቹ ነፋስ ሽሽት ተዳፋቱ ውስጥ ገባ ብለው የተሠሩ ነበሩ። ዶሮዎች በሣር ክዳኑ ውስጥ ጎጆ ይሠሩ ስለነበር፣ አንድ ማታ እራት ላይ ጫጩት ከጣሪያ ወርዳ የአባወራው ወተት ውስጥ እንደወደቀች ኦ ክሪሆን ጽፈዋል። የዕለት ምግባቸው ድንች፣ ዓሣና ወተት ነበር። ማገዶው ከተራራው ተቆፍሮ በአህያ የሚወርድ፣ ሲደርቅ የሚነድ የረግረግ አፈር ነው። ኔቮግ የሚሏት ጀልባ ከቀጭን ርብራብ እንጨትና ሬንጅ ከተቀባ ሸራ ትሠራለች፤ ወንዶቹ ገልብጠው በራሳቸው ላይ ደፍተዋት ሲሄዱ ከሩቅ ባለብዙ እግር ጥንዚዛ ትመስላለች። ከተሰበረ መርከብ ሻይ ወደ ዳርቻው በተተፋ ጊዜም፣ ምን እንደሆነ ያላወቁት ሴቶች ቀለም እንዲይዝ ቀሚስ ነከሩበት ይባላል።

ሐኪም፣ ቄስና ሱቅ በደሴቱ አልነበሩም። ወጣቶቹ ወደ አሜሪካ፣ በተለይም በማሳቹሴትስ ወዳለችው ስፕሪንግፊልድ ጎረፉ፤ ትምህርት ቤቱም ተማሪ አጥቶ በ1941 ተዘጋ። በ1947 መግቢያ አንድ ወጣት በማጅራት ገትር ታሞ፣ ማዕበሉ መንገድ ዘግቶ ሐኪም ሳይደርስለት አረፈ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ደሴተኞቹ የሚበላ አጥተው ለጠቅላይ ሚኒስትር ዴ ቫሌራ የድረሱልን ቴሌግራም ላኩ።

ደሴቱን ባዶ ያስቀረው የመንግሥት ቸልታ ነው የሚሉ አሉ፤ ፍልሰቱ ነው የሚሉም አሉ። መንግሥት መዘግየቱ ግን የሚካድ አይደለም። የመጨረሻዎቹን 22 ሰዎች የማንሣቱ ሥራ የተጀመረው ኅዳር 17 ቀን 1953 ነው። ብዙዎቹ የሰፈሩት ደሴቱ ፊት ለፊት በሚታይበት፣ በየብሱ ዳርቻ ባለችው በዱን ኪን መንደር አካባቢ ነበር።