ቦካሺ ምንድን ነው?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረውን የጃፓናዊውን ሠዓሊ የሂሮሺጌን፣ ከተቀረጸ ጣውላ በወረቀት ላይ የታተመ የመልክዓ ምድር ህትመት የሚያይ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ተራራው ወይም ድልድዩ ላይ ነው። እኛ ግን ከሰማዩ እንዲጀምሩ እንመክራለን። ከላይኛው ጠርዝ ላይ ደማቅ ሰማያዊ ቀለም አለ፤ ወደ ታች ሲወርድ እየሳሳ ሄዶ፣ የት ላይ እንዳለቀ ሳይታወቅ ወረቀቱ ውስጥ ይጠፋል። ጃፓኖች ቀለምን እንዲህ የማሳሳቱን ዘዴ ቦካሺ ይሉታል። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ የተዘረጋው የሰማይ ቦካሺ ኢቺሞንጂ ይባላል፤ በጃፓን ጽሕፈት «አንድ» ቁጥር አንድ አግድም ጭረት ስለሆነ ነው።

ብዙ ሰው ይህ ጣውላው ላይ የተቀረጸ ይመስለዋል። አይደለም። የሰማዩ ጣውላ ለጥ ያለ የቼሪ እንጨት ነው። አታሚው ቀለሙ እንዲሳሳ የሚፈልግበትን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል። ከዚያ የብሩሹን አንድ ጎን ብቻ ቀለም አስነክቶ፣ ጥቂት የሩዝ ሙጫ ጨምሮ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያመላልሰዋል። ቀለሙ ውሃውን ሲያገኝ ይቀጥናል። በመጠኑ የረጠበ ወረቀት ያለብስበትና ባረን በሚባለው፣ በቀርከሃ ልባስ በተሸፈነ ክብ ማሻ ጀርባውን ያሸዋል። ለሚቀጥለው ወረቀት ሥራው እንደገና ከጨርቁ ይጀምራል። ከአንድ ጣውላ የወጡ ሁለት ሰማዮች ቁርጥ አንድ ዓይነት የማይሆኑት ለዚህ ነው።

ጨርቁ ውሃ ከበዛበት ቀለሙ ይፈስና ይዥጎረጎራል፤ ካነሰ ደግሞ መሳሳቱ ቀርቶ ጉልህ መስመር ይሰመራል። ወረቀቱ ከደረቀም ቀለሙን እኩል ስለማይጠጣ ነጫጭ ነጠብጣብ ይወጣበታል።

ቀደም ባለው ጊዜ ከዕፅዋት ይወጡ የነበሩት ሰማያዊ ቀለሞች ለቦካሺ እምብዛም አይመቹም ነበር፤ አንደኛው በብርሃንና በእርጥበት ቶሎ ይለቃል። በርሊን ውስጥ የተፈለሰፈው ሰማያዊ ከ1830 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በኤዶ (በዛሬዋ ቶኪዮ) አታሚዎች እጅ ሲበዛ ግን ከድቅድቅ እስከ ስስ ድረስ የሚታዘዝ ቀለም ተገኘ። የሌላው ጃፓናዊ ሠዓሊ የሆኩሳይ የፉጂ ተራራ ህትመቶች የዚያን ጊዜ ናቸው።

ከሁሉም የሚከብደው አተናሺ ቦካሺ ነው። ጣውላው ላይ ምንም መሪ ምልክት ሳይኖር አታሚው በእጁ ግምት ብቻ ቅርጹ ያልተስተካከለ ደመና ያወጣል። ሂሮሺጌ በ1857 እ.ኤ.አ. በሠራው፣ በሺን-ኦሃሺ ድልድይ ላይ ድንገተኛ ዝናብ ሲወርድ በሚያሳየው ህትመት አናት ላይ ያለው ጥቁር ደመና እንዲህ የተሠራ ነው። በኋላ በተደጋገሙ ህትመቶች አሳታሚዎች ጊዜና ወጪ ለመቆጠብ ቦካሺውን ብዙ ጊዜ ያቃልሉት ነበር፤ አንዳንዴም ይተዉት ነበር።

ህትመት ሲገጥምዎ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ቀለሙ የሚሳሳበትን ቦታ ይመልከቱ። የወረቀቱ ክሮችና አልፎ አልፎም የእንጨቱ መስመር ከታየ በእጅ የታተመ ሊሆን ይችላል። በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ካዩ ግን የማሽን ቅጂ ነው።