«የጋራ ግለት» ምንድን ነው? በትልልቅ የካቶሊክ ጉባኤዎች ላይ ሰው ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ኦገስት 20 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ምሽት ላይ ነው። ማድሪድ አጠገብ ባለው የኳትሮ ቪዬንቶስ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ከሚሊዮን በላይ ወጣቶች ተሰብስበዋል። የካቶሊክ ወጣቶች ከየአገሩ የሚሰበሰቡበት ጉባኤ፣ የዓለም ወጣቶች ቀን ዋዜማ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሳቸው ውሏል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 16ኛ መናገር እንደጀመሩ ግን ሰማዩ ተቀየረ። ነፋሱ ቆባቸውን ከራሳቸው ላይ ነጠቀው፣ ዶፉ ወረደ፣ ንግግሩም ተቋረጠ። ሰው ይበተናል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ማንም አልተነቃነቀም፤ እንደውም ወጣቶቹ በዝናቡ ውስጥ መዘመርና መጮህ ጀመሩ። አውሎ ነፋሱ ጋብ ሲል አባታችን ንግግራቸውን አሳጥረው ቅዱስ ቁርባኑ ፊት ተንበረከኩ፤ ከአፍታ በፊት ሲጮህ የነበረው ያ ሁሉ ሰውም በራሰ ልብሱ፣ በራሰው መሬት ላይ ዝም አለ።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ዝምታው ነው። እልልታና ጭብጨባውን መረዳት ይቻላል። ሚሊዮን ሰው ባንዴ ዝም ሲል ግን ምን ተፈጥሮ ነው?

ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርካይም በ1912 ባሳተመው ሥራው ለዚህ ነገር ስም ሰጥቶታል፤ በእኛ አፍ «የጋራ ግለት» ብንለው ያስኬዳል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰዎች አንድ ቦታ ተሰብስበው፣ ልባቸውን አንድ ነገር ላይ አሳርፈው፣ በአንድ ላይ ሲንቀሳቀሱና ድምፅ ሲያሰሙ የአንዱ ስሜት ሌላውን ያሞቃል፣ የሌላው ሙቀት ተመልሶ ያንኑ ሰው ያግለዋል። ለየብቻ ቢሆኑ አንዳቸውም የማይደርሱበት ከፍታ ላይ ይደርሳሉ። ዱርካይም ያጠናው ስለ አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ሥርዓት የተጻፈውን ነበር፤ በፈረንሳይ ያለችውን የመንፈሳዊ ጉዞ ከተማ ሉርድን ለሚያውቅ ሰው ግን የሚለው ነገር አዲስ አይሆንበትም።

ሉርድን ካነሳን አይቀር፣ በ1858 በርናዴት የምትባል ልጅ እመቤታችንን አየሁ ባለችበት በዚያ ቦታ፣ ማታ ማታ የሻማ ዑደት አለ። መቁጠሪያው በተለያየ ቋንቋ ይደገማል። መዝሙሩ «አቬ፣ አቬ» የሚለው አዝማች ላይ ሲደርስ ሁሉም ሻማውን ወደ ላይ ከፍ ያደርጋል። ፖላንዳዊውም ፊሊፒንሳዊውም አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም፤ እጃቸው ግን በአንድ ቅጽበት ይነሳል። የካቶሊክ ሥርዓት በዚህ በኩል የታደለ ነው፤ መቼ መቆም፣ መቼ መንበርከክ፣ መቼ ማማተብ እንዳለበት ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በአካሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ቋንቋ በሚቀደስ ቅዳሴ ላይ እንኳ እንግዳ አይሆንም።

አካልን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በስፔን ሳን ፔድሮ ማንሪኬ በምትባል መንደር በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዋዜማ ሰዎች በፍም ላይ በባዶ እግራቸው ይራመዳሉ። ተመራማሪዎች የተራማጆቹንና የተመልካቾቹን የልብ ምት ለኩ። ውጤቱ በ2011 ታትሟል፤ ቆመው የሚያዩት ዘመዶችና ወዳጆች የልብ ምት ፍሙን ከሚረግጠው ሰው ልብ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ዝምድና የሌላቸው ጎብኚዎች ልብ ግን እንዲያ አላደረገም። እዚያው ቆመው፣ ያንኑ እያዩ! ስለዚህ አንድ ቦታ መገኘት ብቻውን አይበቃም፣ «የእኔ ናቸው» ማለት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስህተት መታረም አለበት። ጉስታቭ ለ ቦን በ1895 ስለ ብዙ ሕዝብ ሲጽፍ ሰው ሲሰበሰብ አእምሮውን ያጣል፣ መንጋ ይሆናል አለ፤ ይህ አባባል እስከ ዛሬ ይደገማል። እንደ ስቲቨን ራይከር ያሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ግን ለዓመታት ያሳዩት ሌላ ነው። ሰው በሕዝብ መሃል ማንነቱን አይጥልም፤ «እኔ» ከሚለው ወደ «እኛ» ወደሚለው ማንነቱ ይሻገራል። ራይከርና ባልደረቦቹ በ2016 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎችን ላብ የጠጣ ቲሸርት አሸተቷቸው። የራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ዓርማ ያለበት ሲሆን የመጸየፉ ስሜት ቀነሰ። ላብ ያው ላብ ነው፤ የተለወጠው «የማን ነው» የሚለው ነው። ታዲያ በአውቶቡስ ውስጥ ቢሆን የሚያናድድ መተፋፈግ፣ በጉባኤው ሜዳ ላይ የማታውቁት ሰው ትከሻችሁ ላይ ሲያንቀላፋ ዝም ብላችሁ እስከማስተኛት ያደርሳል።

(ይህ ሙቀት ግን ከመጨናነቅ አደጋ አያድንም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአምስት ከስድስት ሰው በላይ ሲታጨቅ ሕዝቡ እንደ ውሃ ነው የሚገፋው። አስተባባሪ «ቁሙ» ሲል መቆም ነው።)

ለወጣቶች ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እኔ እንደውም ዋናው እሱ ይመስለኛል። በክፍሉ ወይም በሥራ ቦታው ቅዳሴ የሚሄድ እሱ ብቻ የሆነ ልጅን አስቡት። ነቢዩ ኤልያስ «እኔ ብቻዬን ቀረሁ» ብሎ እንዳማረረው፣ በውስጡ «እኔ ነኝ እንዴ የተሳሳትኩት?» የሚል ጥያቄ ይመላለሳል። ከዚያ ለዓለም ወጣቶች ቀን በ2013 ሪዮ ኮፓካባና ዳርቻ ወይም በ2023 ሊዝበን ቴዦ ፓርክ ይገኛል፤ በሊዝበኑ ዋዜማ ብቻ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ተገኝቷል። ማንም ክርክር አላቀረበለትም፤ አዲስ ማስረጃም አልሰጠውም። አብሮት የሚያምን ሰው በዓይኑ አየ። በቃ። እምነት ብቻችንን የምንሸከመው ነገር እንዳልሆነ የሚገባው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ዝምታው ልመለስ። ጩኸት ውስጥ ያለ ሰው ጎረቤቱን ነው የሚሰማው። ሚሊዮን ሰው ዝም ሲል ግን እያንዳንዱ ሰው ሁሉም ወደ አንድ ነገር እየተመለከተ መሆኑን ያውቃል፤ ያ ነገር ደግሞ ሕዝቡ ራሱ አይደለም። ለእኔ የጋራ ግለት ከስታዲየም ጭፈራ የሚለየው እዚህ ጋ ነው። ዱርካይም ሕዝቡ ሳያውቀው የሚያመልከው ራሱን ማኅበረሰቡን ነው ይል ነበር። በዚህ አልስማማም። ልብ እንዴት እንደሚሞቅ ማወቅ፣ ልቡ ወደ ማን እንደዞረ አይነግረንም።

ግን ግለት ይበርዳል። ከጉባኤው በተመለሱ በሳምንቱ ብዙዎች ባዶነት ይሰማቸዋል፤ «ያ ሁሉ ስሜት ውሸት ነበር ማለት ነው?» ይላሉ። አይደለም። አካል ከዚያ ከፍታ መውረዱ ግድ ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ «መንፈሳዊ ልምምድ» በተባለው መጽሐፉ ላይ ይህን ቀድሞ አይቶታል፤ በመጽናናት ላይ ያለ ሰው ኋላ የሚመጣውን የድርቀት ጊዜ እንዲያስብና ከአሁኑ ኃይል እንዲያጠራቅም ይመክራል። ስለዚህ ከቁምስናቸው (ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው) በቡድን የሄዱ ሰዎች ከመለያየታቸው በፊት መቼና የት እንደሚገናኙ ቢቀጥሩ ጥሩ ነው። አምስት ሰው ከበቂ በላይ ነው።

ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ ቆሞ ምንም ያልተሰማው ሰው አለ። ጎረቤቱ ያለቅሳል፣ እሱ እግሩን ያመዋል፣ ልብሱ ርሷል፣ ልቡ ግን ደረቅ ነው። ራሱን እንደ ጎደሎ ይቆጥራል፤ ብዙ ጊዜም አፍሮ ለማንም አይናገርም። ከመሃላችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ቀስ ብላችሁ አዋሩት። እሱም ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ያን ሁሉ ዝናብ ችሎ፣ ከሁሉም ጋር ተንበርክኳል።