በኬኔት እና ኤቨን ካናል ላይ የናሮውቦት ጉዞ

ናሮውቦት በእንግሊዝና በዌልስ ካናሎች ላይ የሚሄድ ረጅምና ቀጭን የብረት ጀልባ ነው። ወርዱ ብዙውን ጊዜ 2.08 ሜትር ሲሆን ርዝመቱ እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። ቅርጹ የመጣው ከምርጫ ሳይሆን ከግዴታ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በመካከለኛው እንግሊዝ የተሠሩት ሎኮች፣ ማለትም ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት የውኃ በሮች፣ 2.13 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሰፉ ጀልባው በእነርሱ ልክ ተሠራ። ያን ጊዜ በዳር በሚሄድ ፈረስ እየተጎተተ የድንጋይ ከሰል፣ ሸክላና እህል ያመላልስ ነበር። ዛሬ አልጋ፣ ማድ ቤትና ሻወር ተገጥሞለት በናፍጣ ሞተር ይሄዳል፤ ለዕረፍት ይከራያል፣ ለብዙ ቤተሰቦችም ቋሚ መኖሪያ ሆኗል።

በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር የሚሆን የውኃ መንገድ የሚያስተዳድረው በ2012 (እዚህ ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራውን ከመንግሥት የተረከበው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ከዚህ ሁሉ መረብ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጓዥ፣ በተለይም ለኢትዮጵያዊ፣ አንድ መስመር ምረጥ ብባል የኬኔት እና ኤቨን ካናልን ምዕራባዊ ክፍል እመርጣለሁ። ከዲቫይዚስ ከተማ ግርጌ ተነሥቶ በብራድፎርድ ኦን ኤቨን በኩል ባዝ ከተማ ይደርሳል። ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ቢሆን አንድ ሰዓት የማይሞላው መንገድ በጀልባ ደርሶ መልስ ሳምንት ይወስዳል። ሳምንቱም አይበዛበትም።

ካናሉ በሙሉ ከሬዲንግ እስከ ብሪስቶል 140 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ100 በላይ ሎኮች አሉት። ሁለቱ ጫፎች በ1720ዎቹ ለጀልባ የተመቻቹ ወንዞች ናቸው፦ በምሥራቅ ኬኔት፣ በምዕራብ ኤቨን። መካከላቸውን በካናል ያገናኘው ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጆን ሬኒ ነው፤ ሥራው በ1810 ተፈጸመ። ዕድሜው ግን አልረዘመም። በ1841 ከለንደን ብሪስቶል የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ በ1852 ደግሞ የባቡሩ ኩባንያ ካናሉን ገዛው። ተፎካካሪውን የገዛ ነጋዴ ምን እንደሚያደርግ ማንም ይገምታል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሎኮቹ ተበላሽተው መንገዱ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የበጎ ፈቃደኞች ነው። ለዐሥርተ ዓመታት ጭቃ ዝቀው፣ ጡብ ደርድረውና ገንዘብ አሰባስበው ካናሉን አስነሡት፤ ነሐሴ 8 ቀን 1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ እንደገና መርቀው ከፈቱት።

ጀልባውን ለመንዳት መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም። አከራዩ በርክክቡ ዕለት ሞተሩን፣ መሪውንና ሎኩን ያሳያል፤ ያ ትምህርት ነው ፈቃዱ። ትምህርቱ አጭር ስለሆነ ማን እንደሚነዳና ማን ሎክ እንደሚከፍት አስቀድማችሁ ተስማምታችሁ ሁሉም ቢሰማ ይሻላል። መሪው ከኋላ የሚያዝ ዘንግ ነው፤ ወደ ግራ ሲገፉት አፍንጫው ወደ ቀኝ ይዞራል። ፍሬን የለውም፤ የሚቆመው ሞተሩን ወደ ኋላ በማዞር ነው፤ ይህም ጊዜ ይፈልጋል። ከፊት ለፊት ሌላ ጀልባ ሲመጣ እንግሊዝ አገርም ቢሆን ቀኝን ይዞ ማለፍ ነው ሕጉ። የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ነው፤ በተግባር ከ5 አይበልጥም። ዳር የታሰሩ ጀልባዎችን ሲያልፉ ደግሞ ከእግረኛም ማነስ ይገባል፤ ሞገዱ የሰው ቤት ውስጥ ሻይ ያስደፋል፣ ካስማም ይነቅላል። በዚህ መስመር የሚሰማ ቁጣ ካለ ባብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ሎክ የሁሉም ፍርሃት ነው፤ አሠራሩ ግን ቀላል ነው። በሁለት ጥንድ በሮች መካከል ያለ የድንጋይ ክፍል ነው። ወደ ላይ የሚወጣ ጀልባ በታችኛው በር ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ የላይኛው የውኃ መልቀቂያ በብረት እጀታ ቀስ ተብሎ ይከፈታል። ውኃው ሲሞላና ከላይኛው ካናል ጋር ሲስተካከል የላይኛው በር ያለ ትግል ይከፈታል፤ እኩል ሳይሆን በጉልበት ለመክፈት መታገል ከንቱ ድካም ነው። ሲወርዱ ያለው አደጋ ሌላ ነው። ከላይኛው በር ሥር የድንጋይ ደፍ አለ፤ ውኃው ሲጎድል የጀልባው ጭራ እዚያ ላይ ከቀረ አፍንጫው ይሰጥማል። ስለዚህ በግድግዳው ላይ የተቀባውን ነጭ ምልክት አልፎ ወደ ፊት መቆም፣ ሲወርዱም ገመድን አጥብቆ አለማሰር ግድ ነው። የዚህ ካናል ሎኮች ሰፋፊ ስለሆኑ ሁለት ናሮውቦት ጎን ለጎን ያስገባሉ። አንድ ሎክ በተከፈተ ቁጥር ከ200 ሺህ ሊትር በላይ ውኃ ወደ ታች ስለሚሄድ ጓደኛ ጠብቆ አብሮ መግባት ጨዋነትም ቁጠባም ነው።

እንግዲህ ዕቅዱ። ብዙ ሰው ካርታ ዘርግቶ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል፤ መቆጠር ያለበት ሎክ ነው። አንድ ሎክ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ክፍት መንገድ ላይ ደግሞ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይኬዳል። የሁለቱ ድምር የቀኑን ሰዓት ይሰጣል። በዚህ መስመር ወደ ጎን የሚዞሩ ድልድዮችም አሉ፤ አንድ ሰው ወርዶ ገፍቶ ይከፍታቸዋል፣ ጀልባው ካለፈ በኋላም ይዘጋቸዋል። ለአንዱ ዐሥር ደቂቃ ይያዝ። ከዚያ በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ ላለመንዳት መወሰን ነው። ስድስትና ሰባት ሰዓት የሚነዱ አሉ፤ ማታ ደክሟቸው ከከተማው ሳይገቡ ይተኛሉ፣ በነጋታውም ያልገቡበትን ከተማ ጥለው ይሄዳሉ። ጀልባ ተከራይቶ መቸኮል ምን ይሉታል?

በመስመሩ መካከል ካለችው ከብራድፎርድ ኦን ኤቨን ቢነሣ ስሌቱ እንዲህ ይሆናል። ወደ ምዕራብ፣ እስከ ባዝ የላይኛው ሎክ ድረስ፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም ሎክ የለም። በወረቀት ላይ የሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ነገር ግን ዳር የታሰሩት ጀልባዎች እጅግ ብዙ ስለሆኑ አምስት ሰዓት ይያዝለት። ወደ ምሥራቅ፣ ከዲቫይዚስ ግርጌ እስካለው ፎክስሃንገርስ ድረስ፣ ርቀቱ ተመሳሳይ ሲሆን ስምንት ሎኮች አሉት፦ አንድ በብራድፎርድ፣ ሁለት በሴሚንግተን፣ አምስት በሲንድ። ይህ ሁለት ቀን ቢሰጠው ጥሩ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ተጓዥ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ቢሄድ ሎክ ከመልመዱ በፊት መሪውን ይለምዳል።

ብራድፎርድ ራሷ ግማሽ ቀን ይገባታል። ከካናሉ ጥቂት ደቂቃ በእግር ተኬዶ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ግዙፍ የአሥራት ጎተራ አለ፤ ገበሬው ለገዳም የሚሰጠው የእህል አሥራት የሚከማችበት ነበር። የጣሪያው የእንጨት አሠራር ቀና ብሎ ለሚያይ ያስደንቃል። ከዚያ ቀጥሎ ካናሉ የኤቨንን ወንዝ ሁለት ጊዜ በድልድይ ላይ ያቋርጣል፤ ጀልባው ውኃ በተሸከመ ድልድይ ላይ ሆኖ ከሥሩ ወንዝና ባቡር ያያል። የመጀመሪያው አቨንክሊፍ ነው፤ የመካከለኛው ቅስት ከተሠራ ብዙም ሳይቆይ ጎብጦ ዛሬም እንደ ጎበጠ አለ። ሁለተኛው በ1805 የተከፈተው ደንዳስ ነው፤ 137 ሜትር ይረዝማል፣ ሦስት ቅስቶች አሉት፣ ስሙም የካናሉ ኩባንያ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ከነበሩት ከቻርለስ ደንዳስ የተወሰደ ነው። ለማደሪያ ከዚህ አካባቢ የተሻለ የለም። በእግር ጥቂት ቢኬድ ክላቨርተን ላይ በ1813 ሥራ የጀመረ፣ የወንዙ ኃይል ራሱ የወንዙን ውኃ 14 ሜትር ያህል አንሥቶ ወደ ካናሉ የሚገፋበት የፓምፕ ጣቢያ ይገኛል። ለጎብኚ የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው።

ባዝ ሲደርሱ ካናሉ በሲድኒ ጋርደንስ መናፈሻ ውስጥ፣ በጌጠኛ የብረት ድልድዮችና በአንድ ቤት ሥር ያልፋል። ያ ቤት ክሊቭላንድ ሃውስ ይባላል፤ የካናሉ ኩባንያ መሥሪያ ቤት ነበር። እዚህ አካባቢ አስሮ ከተማውን በእግር ማየት ይቻላል፦ የሮማውያኑን ፍል ውኃ መታጠቢያ፣ ካቴድራል የሚያህለውን አቢይ ቤተ ክርስቲያን፣ ሱቆች የተሠሩበትን የፑልትኒ ድልድይ። ወደ ወንዙ ለመውረድ የሚፈልግ ስድስት ሎኮች ይጠብቁታል፤ ከእነርሱ አንዱ 5.9 ሜትር ያህል ጥልቀት ስላለው ከሥር ሆኖ ወደ ላይ ለሚያይ ጉድጓድ የገባ ያህል ነው። ከዝናብ በኋላ የኤቨን ወንዝ ስለሚበረታ ወንዙ ላይ ከመውጣት በፊት አከራዩን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መልሕቅና የሕይወት ጃኬትም ግድ ይሆናል። እኔ ብሆን ጀልባውን ካናሉ ላይ ትቼ በአውቶቡስ እሄዳለሁ።

በአውቶቡስ የሚሄዱበትም ቦታ አለ። ከከተማው በስተምዕራብ፣ በኒውብሪጅ ሰፈር፣ ፌርፊልድ ሃውስ ይገኛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ከ1936 እስከ 1940፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1928 ዓ.ም. ክረምት እስከ ሰኔ 1932 ዓ.ም.፣ በስደት የኖሩበት ቤት ነው። እቴጌ መነን የአገሩ ብርድ አልስማማ ስላላቸው የአውሮፓን ቀዝቃዛ ወራት ኢየሩሳሌም ያሳልፉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከነፃነት በኋላ በ1954 ተመልሰው ሲመጡ ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው፤ በ1958 ደግሞ ቤቱን ለባዝ ከተማ ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን አበረከቱ። ዛሬም ለአረጋውያን አገልግሎት ይሰጣል፤ ኢትዮጵያውያንና ራስተፈሪያውያንም ይሰባሰቡበታል። ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ አስቀድሞ ቀኑን ማጣራት ይገባል። ጉዞውን የሚያቅድ ሰው ይህን ቀን መሠረት አድርጎ ሌላውን ቢያሰላ ይቀለዋል።

በምሥራቁ ጫፍ የሚጠብቀው ኬን ሂል ነው። 29 ሎኮች በሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 72 ሜትር ይወጣሉ፤ ከእነርሱ 16ቱ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር እንደ ደረጃ ተደርድረዋል። ውኃው ወርዶ እንዳያልቅ ከሥር ያለ የፓምፕ ጣቢያ በቀን እስከ 32 ሚሊዮን ሊትር ወደ ላይ መመለስ ይችላል። ለመውጣት አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ በጊዜ ካልተገባ መግቢያው ስለሚዘጋ በጠዋት መጀመር ነው። አራት ጠንካራ ሰው ካለ ይሞከር፤ ከላይ ዲቫይዚስ ከተማ አለ፣ ከእርሱም በኋላ እስከ ዉተን ሪቨርስ 24 ኪሎ ሜትር ሎክ የሌለበት ጸጥ ያለ ሸለቆ ይከተላል። ሕፃናትና አረጋውያን ለያዘ ቡድን ግን ጀልባውን ከግርጌው አስሮ ዳገቱን በእግር መውጣቱ ይበቃል፤ ሌሎች ሲለፉ ማየትም የራሱ ጨዋታ አለው።

ማደሪያ ማግኘት አያስቸግርም። ምልክት ካልከለከለ በቀር በእግር መንገዱ በኩል ካስማ ተክሎ በነፃ ማሰር ይቻላል፤ ከተማ አጠገብ ግን ብዙውን ጊዜ ከ24 ወይም ከ48 ሰዓት በላይ አይፈቀድም። ሎክ አፍ፣ ድልድይ ሥርና ጠመዝማዛ ላይ አይታሰርም። በሞቃቱ ወራት ቅዳሜ ባዝ ውስጥ ቦታ ስለሚጠብ ከሰዓት በኋላ ሳይመሽ መድረስ ነው። የውኃ ታንኩ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ከቧንቧ ይሞላል፤ የሽንት ቤቱ ታንክም ለዚያ በተዘጋጀ ጣቢያ ይራገፋል። የሻወሩና የዕቃ ማጠቢያው ውኃ በቀጥታ ካናሉ ውስጥ ስለሚፈስ ሳሙናው ለስላሳ ቢሆን ይመረጣል።

ማድ ቤቱ የጋዝ ምድጃ ስላለው ሽሮም ወጥም ይሠራበታል፤ እንጀራውን ከለንደን ወይም ከብሪስቶል ይዞ መምጣት ነው። ቡናም ይፈላል፣ ነገር ግን በጋዙ ምድጃ ላይ ይሁን። ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ጀልባው ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ አይሞከርም። ክፍሉ ጠባብና ዝግ ስለሆነ ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል፤ የጋዝ ማስጠንቀቂያው ሲጮኽም አጥፍቶ መተኛት የለም። ጭሱ የሚወደድ ዕጣን ካለ ከጀልባው ውጭ፣ በሣሩ ላይ ይሁን።

ወቅቱ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ ረጅም ስለሆነ፣ ትምህርት ቤትም ስላልተዘጋ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሰዉም ይሳሳል። በአውሮፓ ቀዝቃዛ ወራት ሎኮች ለጥገና ይዘጋሉ። ሞቃቱ ወቅት ደረቅ ከሆነም የውኃ እጥረት ያመጣል፤ ስለዚህ ከመነሣት በፊት የድርጅቱን የመዝጊያ ማስታወቂያ ማየት ይጠቅማል። ከለንደን ፓዲንግተን ባዝ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ብራድፎርድም የራሷ ጣቢያ አላት፤ መኪና የሌለው አይቸገርም።

የመመለሻው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ረጅም ጀልባ በፈለጉበት ቦታ አይዞርም፤ ዳሩ ተቆርጦ በተሰፋበት መዞሪያ ብቻ ነው የሚዞረው። አንዱን ካለፉት ቀጣዩ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊርቅ ስለሚችል በካርታ ላይ መዞሪያዎቹን አስቀድሞ ማክበብ ያስፈልጋል። አከራዮች ጀልባውን በማለዳ፣ ተጠርጎና ዕቃው ወጥቶ ስለሚፈልጉት የመጨረሻው ሌሊት ማደሪያ ከጣቢያቸው በግማሽ ሰዓት ርቀት ውስጥ ይሁን።