ኮምቦልቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፦ አዲስ የምህንድስና ተማሪዎች ስለ ምርምር የሚይዟቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

ወሎ ዩኒቨርሲቲ በኮምቦልቻ ወዳለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገቡ አዲስ ተማሪዎች ስለ ምርምር ብዙ ሰምተው ይመጣሉ። አብዛኛው ከነባር ተማሪዎች የተወረሰ ወሬ ነው፤ እነርሱም ከቀደሟቸው ወርሰውታል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ምርምር የመመረቂያ ዓመት ጉዳይ ነው»

በመመረቂያ ዓመት የሚጠየቀው ጽሑፉ ነው። መለካት፣ መመዝገብና መጠራጠር ግን ከአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ላቦራቶሪ ይጀምራሉ። እስከዚያ የጠበቀ ተማሪ ግማሹን ጊዜ በርዕስ ፍለጋ ይጨርስና በቀረው የሌላ ሰው ሥራ ወደ መገልበጥ ይሄዳል።

«ዘመናዊ መሣሪያ ከሌለ ምርምር የለም»

በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰነፎች የተጠለሉበት ሰበብ ነውና። አንድ ተራ ቴርሞሜትር ውሰዱ። መጀመሪያ ውሃ በተቀላቀለበት የተከሰከሰ በረዶ ውስጥ ንከሩት፤ ዜሮ ወይም ለዜሮ በጣም የቀረበ ማንበብ አለበት። ቀጥሎ በሚፈላ ውሃ ሞክሩት። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ 94 ገደማ ሲያይ «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል። ቴርሞሜትሩ ግን ትክክል ነው። 100 ዲግሪ የባሕር ጠለል ቁጥር ሲሆን፣ ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የመፍያው ነጥብ በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንዲያውም ኮምቦልቻ ላይ 100 የሚያነብ ቴርሞሜትር ካጋጠማችሁ መመለስ ያለበት እርሱ ነው። ጠዋት ደሴ ለክቶ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወርዶ ያንኑ የደገመ ተማሪ መሣሪያ ማረጋገጥን፣ ንድፈ ሐሳብን በመስክ መፈተንንና ውጤት ማነጻጸርን በአንድ ቀን ተለማምዷል። ወጪው የትራንስፖርት ብቻ ነው።

«መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር የትም ቦታ ያው ነው»

ከላይ ያለው ስህተት በኮምቦልቻ በሚያልፈው ቦርከና ወንዝ ላይ ሲደገም ጣጣው ይበዛል። በንጹሕና 20 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ በባሕር ጠለል ላይ የሚሟሟው ኦክስጅን በሊትር 9.1 ሚሊግራም ገደማ ነው። በኮምቦልቻ ከፍታ የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ ያው ውሃ የሚይዘው 7.3 አካባቢ ብቻ ነው። ይህን ያላሰበ ተማሪ 7 አንብቦ «ፋብሪካዎች ወንዙን አፍነውታል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ወንዙ ላይ የከተማም የፋብሪካም ጫና መኖሩ አይካድም፤ ክሱ ግን በተሳሳተ መነሻ ላይ ሊቆም አይገባም።

ደግሞም ኦክስጅን የሚለካው እዚያው ወንዙ ዳር ነው። በፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ በባጃጅ ሲናጥ የመጣ ናሙና የሚናገረው ስለ ጉዞው ነው። ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲያብላሉ የሚፈጁትን ኦክስጅን መለካት ደግሞ በመደበኛው ዘዴ በ20 ዲግሪ 5 ቀን ይወስዳል። ሪፖርት ሊያስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረው ናሙና የሚቀዳ ሰው ቁጥሩን ከየት እንደሚያመጣው መገመት አያስቸግርም።

«አንድ ጊዜ ከለኩ ይበቃል»

አይበቃም። ከአንድ ቡኮ የተሞሉ፣ 28 ቀን ውሃ ውስጥ የቆዩ ሦስት የኮንክሪት ኪዩቦች እንኳ በተለያየ ጭነት ይሰበራሉ። አማካዩ ከነልዩነቱ ይጻፋል። ካልኩሌተር 24.738612 ስላለ ሁሉንም አሃዝ መገልበጥ ደግሞ ትክክለኛነት አይደለም፤ መሣሪያው ያልለካውን ለካ ማለት ነው።

«ያልተጠበቀ ውጤት መሰረዝ አለበት»

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የላቦራቶሪ ደብተር በእስክሪብቶ ይጻፋል፤ ስህተት የመሰለ ቁጥር በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዛል፤ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት፤ ምክንያቱም ከጎኑ ይሰፍራል። ገጽ አይቀደድም። «በኋላ አሳምሬ እገለብጠዋለሁ» ተብሎ በብጣሽ ወረቀት የተጻፈ መረጃ ሲገለበጥ መልኩ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩም ያምራል።

«የምርምር ጽሑፍ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ይነበባል»

ልማዱ ያላቸው ሰዎች ከፊት ያለውን አጠቃሎ (አብስትራክት)፣ ሥዕሎቹንና ሠንጠረዦቹን፣ ከዚያም መደምደሚያውን አይተው ይወስናሉ። ጉዳያቸው ከሆነ ዘዴውን በጥንቃቄ ያነባሉ፤ ካልሆነ ያልፋሉ።

«ፋብሪካ ሄዶ መረጃ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው»

ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ያሏት፣ የኢንዱስትሪ ፓርክም የተሠራላት ከተማ ናት። «ስለ ፋብሪካችሁ ችግሮች ጥናት ልሠራ ነው» ብሎ የመጣን ተማሪ የሚያስተናግድ ኃላፊ ማግኘት በእርግጥ ያዳግታል፤ ንግግሩ ራሱ ክስ ይመስላል። ከትምህርት ክፍል ደብዳቤ ይያዝ። ጥያቄው ደግሞ ጠባብ ይሁን፦ ይህ የውሃ ፓምፕ ባለፉት ስድስት ወራት ስንት ጊዜ ቆመ? በየጊዜውስ ምን ተቀየረለት? መልሱ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከቢሮው ሳይሆን ከጥገና ክፍሉ መዝገብ ነው፤ መዝገቡን የሚሞላውን ባለሙያ በስሙ ጠይቁ።